ከተማው፣ ፓርኩና በመካከል ያሉት

የፋብሪካ ሥራ ሰዓቱ ቁርጥ ነው። ባለሱቅ ሩብ ሰዓት ቢዘገይ የሚያጣው አንድ ሁለት ገዢ ነው። በልብስ ስፌት መስመር ላይ ግን አንዲት ሠራተኛ ከቦታዋ ከታጣች ከእርሷ በኋላ ለተቀመጡት ሥራው አይደርሳቸውም። ስለዚህ ፋብሪካ ሠራተኞቹን በአንድ ሰዓት ያስገባል፤ በአንድ ሰዓትም ያስወጣል። ይህ የምርት ሥርዓት ከግቢው በር ሲወጣ የትራንስፖርት ጥያቄ ይሆናል። ብዙ ሺህ ሰው ወደ አንድ አቅጣጫ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በትንሽ ገንዘብ እንዴት ይጓዝ?

ጥያቄውን ለመመርመር ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመቸ ቦታ ነው። ፓርኩ የሚገኘው ከጎሮ ባሻገር፣ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ በ156 ሄክታር መሬት ላይ 20 ሼዶችን ይዞ በ2006 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ጀመረ። ሁለተኛው ምዕራፍ ከቂሊንጦ ፓርክ ጋር፣ የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2014 ባጸደቀው የ250 ሚሊዮን ዶላር ብድር ታቅፎ ተገነባ። ቀድመው ከገቡት ኩባንያዎች መካከል የደቡብ ኮሪያው ሺንትስ፣ የህንዱ ጄይ ጄይና የታይዋኑ ጆርጅ ሹ ይገኙበታል። የሚያመርቱት በአመዛኙ ልብስና የቆዳ ውጤት ነው። ከሠራተኞቻቸው የሚበዙት ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ከክፍለ ሀገር የመጡና ቤት በጋራ ተከራይተው የሚኖሩ ናቸው።

የደመወዙ መጠን አነስተኛ በመሆኑ የመንገዱ ወጪ ከኑሮው ጋር በቀጥታ ይያያዛል። ለቤት ኪራይ የምትከፍለውን ለመቀነስ ከፓርኩ የራቀች ሠራተኛ ያተረፈችውን ለታክሲ ትከፍላለች። የታክሲውን ለማትረፍ የቀረበች ደግሞ ለኪራይ ትጨምራለች። በሁለቱም መንገድ ማትረፍ የምትፈልግ በእግሯ ትሄዳለች። በአዲስ አበባ ከሚደረጉ ጉዞዎች ከግማሽ የሚበልጡት በእግር መሆናቸው የሚገለጸው በከፊል በዚህ ስሌት ነው። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ሳይመን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተመው ጥናት ተመሳሳይ ነገር ያሳያል። ከመሀል ከተማ ርቀው ለሚኖሩ የአዲስ አበባ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች የመጓጓዣ ገንዘብ በዕጣ ሲሰጣቸው ሥራ ፍለጋቸው በረታ፤ በአጭር ጊዜ ውስጥም ቋሚ ሥራ የማግኘት ዕድላቸው ጨመረ። ይህም ማለት ሰውን ከሥራ የሚያራርቀው የሙያ ማነስ ብቻ ሳይሆን የታሪፍ ክፍያም ነው።

ዘላቂ ትራንስፖርት የሚባለው አሳብ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ቃሉ ብዙ ጊዜ ከጭስና ከኤሌክትሪክ መኪና ጋር ይያያዛል፤ ትርጉሙ ግን ሰፋ ይላል። አንድ የጉዞ ሥርዓት ዘላቂ የሚሆነው አየሩን ሳይበክል፣ መንገዱን ሳያጨናንቅ፣ ተጓዡን ለአደጋ ሳያጋልጥና ከአቅሙ በላይ ሳያስከፍል ለዓመታት መሥራት ሲችል ነው። ከአራቱ መመዘኛዎች በአንዱ የወደቀ ሥርዓት ውሎ አድሮ በሌሎቹም መውደቁ አይቀርም።

ሦስት አስተዳደሮች በአንድ መንገድ

ከችግሩ መነሻዎች የመጀመሪያው የሥልጣን ክፍፍል ነው። ፓርኩን የሚያስተዳድረው የኢንዱስትሪ ፓርኮች ልማት ኮርፖሬሽን የፌዴራል የልማት ድርጅት ነው፤ ዘርፉም በ2007 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 886 ሲመራ ቆይቷል። ከአጥሩ ውጭ ያለው መንገድ፣ የአውቶብስ መስመርና የታክሲ ስምሪት የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ድርሻ ነው። በከተማው አስተዳደር ውስጥም መንገዱን አንዱ መሥሪያ ቤት ይሠራል፣ የትራፊክ ፍሰቱን ሌላው ያስተዳድራል፣ ስምሪቱን ደግሞ የትራንስፖርት ቢሮ ያወጣል። ከምሥራቁ ወሰን ባሻገር የኦሮሚያ ክልል ይጀምራል፤ በዚያ በኩል ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የሸገር ከተማ አስተዳደር ተዋቅሯል። ቀለል ያለ ኪራይ የምትፈልግ ሠራተኛ ወሰኑን ልትሻገር ትችላለች፤ የከተማው የስምሪት ሥልጣን ግን ወሰኑ ላይ ያበቃል።

ከሦስቱ አንዳቸውም ሥራቸውን ባይበድሉ እንኳ ጉዞው ባለቤት ሊያጣ ይችላል። ኮርፖሬሽኑ የሚጠየቀው ሼዱ በባለሀብት ስለ መያዙና ኤሌክትሪክና ውኃ ስለ መቅረቡ ነው። ትራንስፖርት ቢሮው የሚያየው የመላውን ከተማ ሰልፍ ነው፤ በመገናኛ አደባባይ የሚቆመው ሰልፍ ከፋብሪካ በር ላይ ከሚቆመው ይልቅ ጎልቶ ይታየዋል። ክልሉ ደግሞ የራሱ ከተሞች ጥያቄ አለው። የሠራተኛዋ መንገድ ሦስቱንም ያቋርጣል እንጂ የአንዳቸውም ዋና ጉዳይ አይሆንም።

በትልቅ ገንዘብ የተሠራ መሠረተ ልማትም ክፍተቱን ብቻውን አልሞላውም። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር 34 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ 475 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የወጣበትና በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው። ሲጀምር የነበረው የ2፣ የ4 እና የ6 ብር ታሪፍም ዝቅተኛ ነበር። የምሥራቅ ምዕራቡ መስመር ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ በመገናኛ፣ በጉርድ ሾላና በሲኤምሲ አድርጎ አያት ላይ ያበቃል። ፓርኩ ግን ከዚህ መስመር በስተደቡብ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ይገኛል። ስለዚህ ከባቡሩ ወርዶ ፋብሪካው በር እስኪደረስ ያለው ጉዞ በሌላ ተሽከርካሪ ወይም በእግር መሞላት አለበት። ይህን የመጨረሻ ክፍል ማን ያደራጀዋል የሚለው ጥያቄ ነው አገናኞችን ወደ መድረኩ የሚያመጣው።

አገናኝ ምን ይሠራል?

አገናኝ ስንል በአስተዳደሩና በባለተሽከርካሪው፣ ወይም በአስተዳደሩና በተጓዡ መካከል ቆሞ መረጃን፣ ገንዘብን ወይም ኃላፊነትን የሚያስተላልፍ አካል ማለታችን ነው። ማኅበር፣ ግብረ ሰናይ ድርጅት፣ የክፍያ ኩባንያ ወይም አሠሪ ሊሆን ይችላል። የሚያስፈልግበት ምክንያት ቀላል ነው። አንድ ቢሮ በሺዎች ከሚቆጠሩ የሚኒባስ ባለንብረቶች ጋር በየግል ተደራድሮ፣ ተዋውሎና ተቆጣጥሮ አይዘልቀውም፤ የድርድሩ ወጪ ራሱ ከጥቅሙ ይበልጣል። አገናኝ ሲኖር ሺህ ንግግር ወደ ጥቂት ይወርዳል። ይህ ጥቅም ግን ዋጋ አለው፤ አገናኙ የራሱ ፍላጎት ስላለው የሚያስተላልፈውን ነገር መንገድ ላይ ሊለውጠው ይችላል።

በአዲስ አበባ የሚሠሩትን አገናኞች በሚያስተላልፉት ነገር ከሦስት መክፈል ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ ዕውቀት የሚያቀርቡ ናቸው። ሁለተኛዎቹ ተሽከርካሪ ያሰማራሉ። ሦስተኛዎቹ ደግሞ ማን፣ ከየት፣ በስንት ሰዓት እንደሚጓዝ የሚያውቁ ናቸው። ሦስቱን ለየብቻ መመልከት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ከተማው ከእያንዳንዳቸው ጋር ያለው ግንኙነት የተለያየ ነው።

ዕውቀት የሚያቀርቡት

ብሉምበርግ ፊላንትሮፒስ የተባለው የአሜሪካ በጎ አድራጎት ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ አዲስ አበባን በመንገድ ደኅንነት ፕሮግራሙ አቅፏል። ገንዘቡ በቀጥታ ወደ አስፋልት አልፈሰሰም፤ በከተማው መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ለሚቀመጡ ባለሙያዎች፣ ለመረጃ ትንተናና ለመንገድ ንድፍ ዋለ። ከንድፍ አጋሮቹ ጋር የተሠራው የለገሃር መስቀለኛ መንገድ የአሠራሩ ምሳሌ ነው። በመጀመሪያ በቀለምና በቀላል ቁሳቁስ የእግረኛው ቦታ ሰፋ፣ የመሻገሪያው ርቀት አጠረ፣ የመኪናው መታጠፊያ ጠበበ። ቀለም ርካሽ ስለሆነ ሙከራው ካልሠራ ይታጠባል፤ ከሠራ ደግሞ በድንጋይና በሲሚንቶ ይጸናል። በከተማዋ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት የሚበዙት እግረኞች መሆናቸው ሲታይ ሥራው የማስዋብ ብቻ አልነበረም።

በሌላ በኩል ኢንስቲትዩት ፎር ትራንስፖርቴሽን ኤንድ ዴቨሎፕመንት ፖሊሲ የተባለው ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የሰዎች አሰፋፈር ፕሮግራም፣ ከተማው እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 የሚመራበትን የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ በማዘጋጀት ረድተዋል። ሞተር አልባ የሚባለው የእግርና የብስክሌት ጉዞ ነው። በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ተመሳሳይ ስትራቴጂ በአገር ደረጃ ወጣ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የተባለው መኪና አልባ እሑድም ከዚሁ አሳብ ጋር የተሳሰረ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶችና የብስክሌት መስመሮች ደግሞ አሳቡን ወደ ግንባታ አሸጋግረውታል።

የእነዚህ አገናኞች ጥቅም የመጀመሪያውን ሙከራ ፍርሃት መቀነሳቸው ነው። አንድ ኃላፊ ከመኪና ላይ መንገድ ቀንሶ ለእግረኛ መስጠት ሲፈራ፣ ውጤቱ በሌላ ከተማ ታይቶ በቁጥር የቀረበ ማስረጃ ያደፋፍረዋል። ገደባቸውም ከዚሁ ይመነጫል። ማሳያ የሚሠራው ብዙ ሰው በሚያየው ቦታ ነው፤ ስለዚህ ለገሃር ከቦሌ ለሚ ዳርቻ ይቀድማል። የባለሙያው ደመወዝ በፕሮጀክት የሚከፈል ከሆነ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ዕውቀቱ አብሮት ሊሄድ ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ንድፍ አውጪ የመንገዱን ስፋት ያውቃል እንጂ የፋብሪካውን የፈረቃ ሰዓት አያውቅም።

ተሽከርካሪ የሚያሰማሩት

አዲስ አበባ ከ1935 ዓ.ም. ጀምሮ የአንበሳ አውቶብስ ነበራት፤ በኋላም የሸገር አውቶብስና ለመንግሥት ሠራተኞች የተቋቋመው የፐብሊክ ሰርቪስ ትራንስፖርት ተጨምረዋል። ያም ሆኖ ከሕዝብ ትራንስፖርቱ ትልቁን ሸክም የተሸከመው በግል ባለንብረቶች እጅ ያለው ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ ነው። ከተማው ባለንብረቶቹ በማኅበር እንዲደራጁ፣ ተሽከርካሪዎቹም በዞን ተከፋፍለው መነሻና መድረሻውን በሚያሳይ ታፔላ እንዲሠሩ አድርጓል። ማኅበሩ በቢሮውና በባለንብረቱ መካከል ያለ አገናኝ ነው። መነሻው ላይ የሚቆመው ተራ አስከባሪ ደግሞ በሹፌሩና በተሳፋሪው መካከል ያለ አገናኝ ነው፤ ማን አስቀድሞ እንደሚጭን ይወስናል፣ ለዚህም ከየጭነቱ ይቀበላል።

ይህ ሥርዓት ምን እንደሚያመርት ለመረዳት የሹፌሩን የቀን ሒሳብ ማየት ያስፈልጋል። ብዙ ሹፌሮች ለባለንብረቱ በቀን የተቆረጠ ገቢ ያስገባሉ፤ ከነዳጅና ከረዳቱ ድርሻ በኋላ የሚተርፈው የእነርሱ ነው። ስለዚህ ሹፌሩ ሳይሞላ መነሣት አይፈልግም፣ ባዶ የሚመለስበትን መስመር ይሸሻል፣ ረጅሙን መስመር አቆራርጦ ሁለት ታሪፍ መቀበል ያዋጣዋል። ይህን የሚያደርገው ከጠባዩ ክፋት የተነሣ ሳይሆን ከሒሳቡ ነው። ማኅበሩ በታፔላ መስመሩን ሊወስንለት ይችላል፤ የቀን ገቢው ሥርዓት እስካለ ድረስ ግን መስመሩን የመሸሽ ፍላጎቱን አያጠፋውም።

ለቦሌ ለሚ ይህ ልዩ ውጤት አለው። የስምሪቱ ዋና ዋና መስመሮች ከዳርቻ ወደ መሀል የሚፈሱ ናቸው፤ ከጎሮ፣ ከሰሚት፣ ከአያትና ከቦሌ አራብሳ ተነሥተው መገናኛ ላይ ይሰበሰባሉ። የፋብሪካ ሠራተኛ ጉዞ ግን ብዙ ጊዜ ከዳርቻ ወደ ዳርቻ ነው፣ ወይም ከመሀል ወደ ዳርቻ የሚደረግ ተቃራኒ ጉዞ ነው። ከዳርቻ ወደ ዳርቻ ያለው መስመር ሰው የሚያገኘው በፈረቃ መግቢያና መውጫ ብቻ በመሆኑ ለሹፌሩ አያዋጣም። ከመሀል ወደ ዳርቻ ያለው ግን ጠቃሚ ዕድል አለው፤ ጠዋት ሰው ወደ መገናኛ አድርሰው የሚመለሱት ተሽከርካሪዎች ባዶ ወንበር ይዘው ይመለሳሉ። ባዶውን ወንበርና የሠራተኛዋን ሰዓት የሚያጋጥም ሰው ካለ ተጨማሪ ተሽከርካሪ ሳይገዛ ተጨማሪ አገልግሎት ይገኛል።

የተሽከርካሪው መጠንም ልዩነት ያመጣል። ለማሳያ ያህል 3,000 ሠራተኞች በአንድ ሰዓት ከፓርኩ ቢወጡ እንበል። ሁሉም 12 ሰው በሚጭን ሚኒባስ ቢሳፈሩ 250 ጉዞ ያስፈልጋል። 60 ሰው በሚይዝ አውቶብስ ቢሆን 50 ጉዞ ይበቃል። ሚኒባሱ 5 ሜትር ያህል፣ አውቶብሱ 12 ሜትር ያህል ርዝመት ቢኖራቸው ሚኒባሶቹ በሰልፍ ሲቆሙ 1,250 ሜትር፣ አውቶብሶቹ 600 ሜትር መንገድ ይይዛሉ። የፋብሪካዎቹ ግማሽ መውጫ ሰዓታቸውን በ40 ደቂቃ ቢያዘገዩና አውቶብሱ በዚያ ጊዜ ደርሶ መመለስ ቢችል ደግሞ 50ውን ጉዞ 25 አውቶብሶች ይሸፍኑታል። ከ50 ወደ 25 ያወረደው አዲስ መንገድ ወይም አዲስ ሞተር አይደለም፤ የሰዓት ስምምነት ነው። ስምምነቱን ማድረግ የሚችሉት ግን የታክሲ ማኅበራቱ አይደሉም።

ፍላጎቱን የሚያውቁት

ስለ ቦሌ ለሚ ተጓዥ ከማንም በላይ የሚያውቀው አሠሪው ነው። የደመወዝ መዝገቡ የሠራተኛውን ብዛት ይነግረዋል፣ የሰው ኃይል ክፍሉ የእያንዳንዷን ሠራተኛ አድራሻ ይዟል፣ የምርት ዕቅዱ የትርፍ ሰዓት ሥራው መቼ እንደሚሆን አስቀድሞ ያሳያል። ከተማ አስተዳደሮች ይህን መረጃ በጥናት ለማግኘት ብዙ ገንዘብ ያወጣሉ። እዚህ ግን መረጃው ተጽፎ በየቢሮው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።

ፋብሪካ በዚህ ዕውቀቱ የሚጠቀምበት የተለመደው መንገድ ሰርቪስ መከራየት ነው። ሕጉም ሰርቪስን በልዩ ዓይን ያየዋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ አሠሪው ለሠራተኞቹ የጋራ አገልግሎት ባቀረበው ወይም ለዚሁ ሲል በተከራየው ተሽከርካሪ ወደ ሥራ ሲሄዱ ወይም ከሥራ ሲመለሱ የሚደርስን አደጋ በሥራ ላይ እንደደረሰ ጉዳት ይቆጥረዋል። በዚህ ድንጋጌ ሰርቪሱ የፋብሪካው ግቢ ቅጥያ ይሆናል። ድንጋጌው በሁለት አቅጣጫ ይሠራል። በሰርቪስ የምትጓዘውን ሠራተኛ ይጠብቃል። በሌላ በኩል ሰርቪስ የሚያቀርብ አሠሪ አዲስ ኃላፊነት ሲሸከም የማያቀርበው ከዚህ ኃላፊነት ውጭ ይሆናል። ሕጉ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሚሠራ የትርፍ ሰዓት ሥራ ከፍ ያለ ክፍያ ይወስናል፤ ጨለማ ውስጥ የሚደረገው የእግር ጉዞ ግን በክፍያው ውስጥ አይታይም።

እያንዳንዱ ፋብሪካ ሰርቪስን ለብቻው ሲከራይ ሦስት ነገሮች ይከሰታሉ። አንደኛ፣ አንድ አካባቢ ለሚኖሩ የሁለት ፋብሪካ ሠራተኞች ሁለት ግማሽ የሞሉ አውቶብሶች ሊሄዱ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ አውቶብሱ ጠዋትና ማታ ብቻ ሠርቶ ቀኑን ስለሚቆም የቀን ወጪው በሁለት ጉዞ ላይ ይወድቃል። ሦስተኛ፣ አደጋው ሁሉ በአንድ ፋብሪካ ትከሻ ላይ ይሆናል። የልብስ ትእዛዝ ይወጣል ይወርዳል፤ አሜሪካ ኢትዮጵያን እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ከአጎዋ የንግድ ዕድል ስታስወጣት እንደታየው ትእዛዙ በአንድ ውሳኔ ሊቀንስ ይችላል። ትእዛዝ ሲቀንስ በቀላሉ የሚቆረጠው ወጪ ደግሞ ሰርቪስ ነው። ብዙ ፋብሪካዎች በአንድ ውል ቢገቡ ግን የአንዱ መቀነስ በሌላው መጨመር ሊካካስ ይችላል።

ለዚህ የሚሆን ተቋም ከባዶ መፈጠር የለበትም። ፓርኮቹ ባለሀብቱ የፈቃድ፣ የጉምሩክና መሰል ጉዳዮችን በአንድ ቦታ የሚጨርስበት የአንድ መስኮት አገልግሎት አላቸው። በዚያ አሠራር የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ባለሙያዎቻቸውን ወደ ፓርኩ ይልካሉ። ተመሳሳይ ሥልጣን ያለው የትራንስፖርት አስተባባሪ ቢኖር የሠራተኞችን ሰፈር ያለ ስማቸው በካርታ ላይ ማሳየት፣ የፈረቃ ሰዓቶችን ማስማማትና በሁሉም ፋብሪካዎች ስም ከአውቶብስ ድርጅት ወይም ከማኅበር ጋር መዋዋል ይችላል። ከተማው በበኩሉ ውሉን እንደ መስመር ይመዘግበዋል፣ ማቆሚያ ይሰጠዋል፣ ይቆጣጠረዋል።

ውሉ እንዴት ይታሰራል?

አገናኝ መኖሩ ብቻ በቂ አይደለም፤ የሚከፈልበት መንገድ ባሕርዩን ይወስነዋል። የአውቶብስ ውል በሁለት ዋና መንገዶች ይታሰራል። በአንደኛው ባለተሽከርካሪው የሚያገኘው ከተሳፋሪ የሚሰበሰበውን ታሪፍ ነው፤ ሰው ከቀነሰ ኪሳራው የእርሱ ነው። በሁለተኛው አስተዳደሩ ወይም ተዋዋዩ በሮጠበት ኪሎ ሜትር ይከፍለዋል፤ ታሪፉ ለከፋዩ ይገባል፣ ኪሳራውም የከፋዩ ይሆናል። የመጀመሪያው ለመንግሥት ርካሽ ቢመስልም ሰው የሚበዛበትን ሰዓትና መስመር ብቻ ያስመርጣል። ሁለተኛው ሌሊትንና ሩቅ ሰፈርን ለማገልገል ይመቻል፤ ነገር ግን አውቶብሱ በእርግጥ መሮጡን የሚያረጋግጥ ጠንካራ ቁጥጥር ይፈልጋል።

ሌጎስ በዚህ ረገድ ሁለት ትምህርት ትሰጣለች። የከተማዋ የትራንስፖርት ባለሥልጣን ላማታ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2008 22 ኪሎ ሜትር ያህል የፈጣን አውቶብስ መስመር ሲከፍት፣ መንገዱን ሊዘጋበት ይችል የነበረውን የሹፌሮች ማኅበር አላገለለም፤ ማኅበሩ የኅብረት ሥራ አቋቁሞ አውቶብሶቹን እንዲያንቀሳቅስ አደረገ። ተቃዋሚ ሊሆን የሚችለው አገናኝ የሥራው ባለቤት ስለሆነ መስመሩ በአጭር ጊዜና በአነስተኛ ወጪ ተጀመረ። ሁለተኛው ትምህርት በኋላ የመጣ ነው። አውቶብሶቹ ሲያረጁ በአዲስ አልተተኩም፤ አገልግሎቱም እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ ሌላ ኩባንያ ተዛወረ። ማኅበሩን ማስገባት መስመሩን አስጀመረ፤ ለመተኪያ የሚሆን ተቀማጭ በበቂ ካልተያዘ ግን መጀመሩ መዝለቁን አያረጋግጥም።

አሠሪን በተመለከተ ደግሞ ሁለት የቆዩ ሕጎች አሉ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1971 ከፓሪስ አካባቢ ጀምራ ከተወሰነ ቁጥር በላይ ሠራተኛ ያላቸው አሠሪዎች ከደመወዝ ወጪያቸው መቶኛ እየተሰላ ለሕዝብ ትራንስፖርት እንዲከፍሉ አድርጋለች። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣችው ሕግ አሠሪው ለሠራተኛው የመጓጓዣ ትኬት ይሰጣል፤ ከሠራተኛው የሚቆረጠው ከመሠረታዊ ደመወዙ 6 በመቶ ብቻ ሲሆን ከዚያ የሚበልጠውን አሠሪው ይሸፍናል። በፈረንሳይ ገንዘቡ ወደ ከተማው ስለሚሄድ አዲስ መስመር ይገነባል። በብራዚል ገንዘቡ ሠራተኛውን ስለሚከተል የሚበረታው የመክፈል አቅሙ ነው። ሁለቱም የቆሙበት መነሻ አንድ ነው፤ ሠራተኛ በሰዓቱ በመድረሱ የሚጠቀመው ሠራተኛው ብቻ አይደለም።

የት ይበላሻል?

አገናኝ በሦስት መንገድ ይበላሻል። የመጀመሪያው መተላለፊያውን ወደ መገደቢያ መለወጡ ነው። ተራ አስከባሪ ሰልፉን ስላስተካከለ መከፈሉ ያስኬዳል፤ ያልከፈለው እንዳይጭን መከልከል ሲችል ግን ክፍያው ወደ ግብር ይቀየራል፤ በመጨረሻም ከተሳፋሪው ኪስ ይወጣል። ሁለተኛው ተጠሪነቱ ወደ ገንዘብ ሰጪው ብቻ ማዘንበሉ ነው። ሦስተኛው ደካማ መሆኑ ነው፤ አገናኙ አባላቱን መቆጣጠር ካልቻለ አስተዳደሩ የሚቀረው መሣሪያ መከልከል ብቻ ይሆናል። በየካቲት 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ የባጃጅን አገልግሎት ለጊዜው ባገደችበት ወቅት፣ ከዋናው መንገድ እስከ ቤት ያለውን አጭር ርቀት በባጃጅ ይሸፍኑ የነበሩ ነዋሪዎች በአንድ ጊዜ ያለ አማራጭ ቀርተዋል።

የቴክኖሎጂ ለውጥም ይህን የአገናኞች ጥያቄ አያስቀረውም። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ የኤሌክትሪክ ኃይሏም በአብዛኛው ከውኃ ስለሚመነጭ የኤሌክትሪክ አውቶብስ ለአየሩ ያለው ጥቅም ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ ከላይ የታየው የሚኒባስ ሒሳብ ሞተሩ ሲለወጥ አይለወጥም። የቀን ገቢ የሚያስገባ ሹፌር በኤሌክትሪክ መኪናም ባዶ መመለስን ይሸሻል። የቀላል ባቡሩ ተሞክሮም ይህን ይደግፋል፤ ንጹሕ ቴክኖሎጂ ቢሆንም መለዋወጫ በመጥፋቱ ብዙዎቹ ባቡሮች ከሥራ ውጭ ሆነው ቆይተዋል። በ2014 ዓ.ም. ክረምት የተጀመረው የታለመ የነዳጅ ድጎማ በበኩሉ ሌላ ነገር አሳይቷል። የተመዘገቡ የሕዝብ ማመላለሻዎች በቴሌብር የሞባይል ክፍያ ሲከፍሉ ድጎማው ይታሰብላቸው ስለነበር፣ ገንዘብን ከአንድ የተወሰነ አገልግሎት ጋር በዲጂታል መንገድ ማሰር በአገሩ እንደሚቻል ታውቋል። የድጎማው መለኪያ የተገዛው ነዳጅ ነበር፤ ተመሳሳይ መንገድ በተሮጠ መስመርና ሰዓትም ሊለካ ይችላል።

እስካሁን የቀረበው ሲደመር አንድ ፍርድ ላይ ያደርሳል። አዲስ አበባ ዕውቀት ከሚያቀርቡትና ተሽከርካሪ ከሚያሰማሩት አገናኞች ጋር መሥራት ተምራለች፤ ከመጀመሪያዎቹ ስትራቴጂና የተሻሻሉ መንገዶችን፣ ከሁለተኛዎቹ የስምሪት ሥርዓትን አግኝታለች። የጎደለው ሦስተኛው ነው። ጉዞውን የሚፈጥረውና ሰዓቱን የሚወስነው አሠሪ በትራንስፖርት ውሳኔ ውስጥ እንደ ተዋዋይ አልተቀመጠም። በቦሌ ለሚ ይህን ማስተካከል ከሌላ ቦታ ይልቅ ይቀላል፤ አሠሪዎቹ በአንድ አጥር ውስጥ ናቸው፣ የፓርኩ አስተዳዳሪ አንድ ነው፣ ፈረቃው ይታወቃል።

ሁለት ሁኔታዎች ካልተሟሉ ግን ውሉ ሊጎዳ ይችላል። ወጪው ተመልሶ በሠራተኛዋ ደመወዝ ላይ ከወደቀ፣ ከአውቶብሱ ይልቅ እግሯን ትመርጣለች። አገልግሎቱ ለፓርኩ ሠራተኛ ብቻ ከተዘጋ ደግሞ በዚያው መንገድ ዳር የሚኖረው ነዋሪ ባዶ ወንበር እያየ ይቆማል፤ አውቶብሱም ቀኑን ሥራ ፈትቶ ይውላል። ስለዚህ ከተማው ውሉን ሲመዘግብ ሊጠይቅ የሚገባው ሦስት ነገር ነው። ለአገናኙ ማን ይከፍላል? ተጠሪነቱ ለማን ነው? ሥራው ሲበላሽ በምን ሥርዓት ይተካል? እነዚህ በጽሑፍ ከተመለሱ የፓርኩ ውል ከከተማው መደበኛ መስመሮች እንደ አንዱ ሊቆጠር ይችላል፤ ሳይመለሱ ከቀሩ ደግሞ አዲሱ አገናኝ የነበሩትን ችግሮች በሌላ ስም ይደግማቸዋል።